የአባባ ዓለምብርሃን ጃኬት

ቻምብሊ፣ አትላንታ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የሺእመቤት፣ ዓለም ከተማ፤

እንዴት ከረሙልኝ? አባባ ዓለምብርሃንስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔና ልጅዎ እድላዊት ከናፍቆት ሌላ የጎደለን የለም። ሰላምታዋን እንዴት እንዳሳመርኳት አዩልኝ? ሰባተኛ ክፍል ላይ አቁሞ እንዲህ የሚጽፍ አማች መርሐቤቴን ሙሉ ቢያስሱ አያገኙም።

እናንተ ጋ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ያለን የቲጂ ሱቅ ብቻ ነው። ቲጂ እዚህ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ያገራችሁ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሁሉ እሷ ሱቅ ሳይረግጥ አይሄድም። ደብዳቤዎን ከሷ ተቀብዬ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እዚያው አነበብኩት።

አዎ እማማ፣ የሰሙት እውነት ነው። አራተኛ ወሯን ይዛለች። እንዳልጽፍ ከልክላኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ልጃችን በስድስተኛ ወሯ መጥታ፣ ያለ ስም ከሄደች ወዲህ ደስታ ማውራት ትፈራለች። ግን ከጠየቁኝ አልደብቅም፤ ለአማት አይዋሽም።

«ያን ጊዜ ምን አድርገሃት ነው የቸኮለችው?» ላሉኝ፣ ይሄን ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ወይ እሱ ሆስፒታል ነው ወይ እኔ እስር ቤት። ምንም አላደረግኳትም! አሞኛል ብላ ሆስፒታል ሄደች፤ «ውሃ ጠጪና እረፊ» ብለው መለሷት። በማግስቱ ልጅቷ መጣች። ይሄው ነው።

አሁን የምትከታተልበት ክሊኒክ ሚስ ኦዴሳ የምትባል ነርስ አለች። የዚሁ አገር ጥቁር ናት፣ እድሜዋ እንደርስዎ፣ ምላሷም እንደርስዎ፣ አይቀየሙኝ። እኔም እንደርስዎ ነገሩን ጠየቅኳት፤ ለምን ቸኮለች አልኳት።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ከተማ የጥቁር ሴት ልጅ ይቸኩላል። የነጯ ይቀመጣል። ሁሉም አይደለም፣ ግን ይበዛል። የምትኖሩበት ሰፈርም የራሱ ድርሻ አለው» አለችኝ።

«እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» አልኳት።

ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ክንዷን ከእድላዊት ክንድ አጠገብ አስተኛችና «ይሄ የደም ግፊት መለኪያ ሐበሻ የሚባል አያውቅም፤ ውሃ ጠጪ ብሎ የመለሳት ሰውዬም አላወቀም» አለችኝ። አፌን ያዘችኝ። እኔን! እድላዊት እስካሁን ትስቅብኛለች።

ግን አንድ ነገር ያዝኩ። ነገሩ ሰፈር ከሆነ ሰፈር መቀየር ነው! የኛ አፓርትመንት ሃይዌዩ ጆሮ ላይ ነው፤ መስኮት ስንከፍት ጭስ፣ ስንዘጋ ሙቀት። ሮዝዌል የሚባል አለ፣ ወደ ላይ፣ ነጮቹ የሚኖሩበት። ዛፍ በዛፍ ነው፣ ጸጥ ያለ። ኦቨርታይም እየሠራሁ ነው፤ ታከር ካለው ዌርሃውስ፣ መጋዘኑ ማለቴ ነው፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እንደኔ የሚነዳ የለም፤ አለቃዬ ራሱ «አምባቸው፣ አንተ ባትኖር እዘጋው ነበር» ብሎኛል። አላለም፣ ግን ያስበዋል። በቅርቡ ሙቭ እናደርጋለን። ይሄኛው ልጅ ሞልቶ ነው የሚወለደው። አለቀ።

ለአባባ ጃኬት ልኬያለሁ። እድላዊት ናት የመረጠችው፤ «አባቴን ጠዋት ጠዋት ይበርደዋል» ብላ። በኔ አካል ነው የለካነው፤ ከሰፋቸው እንደ ጋቢ ይደርቡት።

አማችዎ አምባቸው


ዓለም ከተማ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምባቸው፤

ይሄን ብቻህን ሆነህ አንብበው። እድላዊት አጠገብህ ካለች አጥፈህ ኪስህ ክተተው።

ጃኬቱ ደርሷል። አባባ ግን አልጠበቁትም። ጥቅምት ሊወጣ ሲል አረፉ። አልተሰቃዩም፤ እንደ ልማዳቸው ውዳሴያቸውን ደግመው ጋደም እንዳሉ ነው።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አጥቼው አይደለም። በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ክንድ ይዞ ነው የሚነገረው። አንተን ክንድህን የሚይዝህ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ጻፍኩልህ። ወንድ ነህና ቻለው። እሷ ግን እስክትወልድ እንዳትሰማ። ፊተኛዋ ቸኩላ ሄደች፤ ይቺኛዋን እኛው በእጃችን እንዳናስቸኩላት።

አፍህን አውቀዋለሁ። በሠርግህ ቀን የሚዜውን ንግግር ቀምተህ ያወራህ ሙሽራ አንተ ብቻ ነህ። ለዚች ለአንዲት ነገር ብቻ ዝም በልልኝ።

ሮዝዌል ስላልከው፣ ዛፍ እንዳለው ጽፈሃል፣ ጸጥ ያለ ነው ብለሃል። ጎረቤቷ ማን ነው? ቢያማት ማንን ትጠራለች? ይሄን አልጻፍክም።

ኤምባሲው ዘንድሮም ቪዛ ከልክሎኛል። ልጅ ስትወልድ እናቷ ቤት ነበር ወጉ። እናትየው እንኳን እንዳትሄድላት ሆነ፤ ምን ይደረግ።

የሺእመቤት


ሮዝዌል፣ አትላንታ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የሺእመቤት፤

እግዚአብሔር ያጥናዎት። ይቺን ቃል በአካል ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር ልልዎት የሚገባኝ።

እንዴት ቻልከው ካሉኝ፣ ዌርሃውሳችን ውስጥ አይስክሬም የሚቀመጥበት ትልቅ የበረዶ ክፍል አለ። እዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። እዚያ ውስጥ እንባ ጉንጭ ላይ አይደርስም፤ ሽፋሽፍት ላይ ይደርቃል። አይኔ አብጦ ስወጣ ብርድ ነው አልኳቸው። እማማ፣ ልጅዎን ስጠይቅ ዘመድ ሁሉ «ሰባተኛ ክፍል ለደረሰ ደላላ ነው የምንሰጣት?» ሲል «ልጁ ወሬኛ ነው፣ ግን ይሠራል» ያሉት አባባ ናቸው። እንደዚያ ያለኝ ሰው እስከዛሬ አልመጣም።

እሷ ምንም አልሰማችም። አፉ አይቋጥርም ብለውኛል፤ ይሄው ቋጠርኩ! እንደኔ የቋጠረ የለም። እንዲያውም ዘዴ አበጅቻለሁ። ቲጂ ከሚበሩት ሰዎች ሰምታለች፤ ቻምብሊና ታከር ያለው ያገራችሁ ሰው በሙሉ ሰምቷል። አንዷ እድላዊትን ስታይ እንባ ቢያመልጣት አለቀልን። ስለዚህ ማንም ሮዝዌል እንዳይመጣ ከለከልኩ። ለሷ «ሩቅ ስለሆነባቸው ነው» አልኳት። ቤተ ክርስቲያንም «መንገዱ ያንገላታሻል» ብዬ አስቀረኋት።

ጎረቤት ላሉኝ፣ አለ። ስማቸውን አላውቅም። ቤቱ የአንድ ጥርስ ሐኪም መኖሪያ ነው፤ እኛ ከሥር ቤዝመንቱን ነው የያዝነው። ጸጥታው ይገርማል፤ አጋዘን ግቢ ድረስ ይመጣል። ሰው ግን አይመጣም። እሷ መኪና አትነዳም፣ እኔ ስወጣ እስክመለስ ያው ናት። ባለፈው ልትንሸራሸር ወጥታ አንዲት ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ቆማ፣ ፈገግ ብላ፣ «የትኛውን ቤት ነው የምታጸጂው?» አለቻት። እድላዊት እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ በሩን ልሰብር ተነሳሁ፤ ሸሚዜን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አልወጣችም። እንቅልፍም የላትም። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል አለችኝ ሚስ ኦዴሳ፤ «ምን አዲስ ነገር አለ ቤታችሁ?» ብላ እኔን እኔን ታያለች።

አሁን አንድ ጭንቅ አለብኝ። ልጅዎ ለአባቷ የጻፈችው እዚህ ውስጥ አለ። ምን እንዳለች አሳይታኛለች። «የመጀመሪያዋ ያለ ስም ሄዳብኛለች፤ ይቺኛዋን ገና ሆዴ ሳለች ስም አውጣላት፣ በእጅህ ጻፈውና ላክልኝ፤ ስም ካላት ትቆያለች» ነው ያለችው። ከቲጂ ሱቅ ደብዳቤ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? እኔ ቆርጬ ቀጥዬ አላውቅበትም፤ እርስዎ በአባባ ስም ጽፈው ይላኩልኝ።

አማችዎ አምባቸው


ዓለም ከተማ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምባቸው፤

የሞተ ሰው እጅ ልስረቅ ነው የምትለኝ? አልጽፍም። የልጄን ደብዳቤ መቃብሩ ላይ አነበብኩለት። ከዚያ በላይ አልችልም።

«ጎረቤት አለ፤ ስማቸውን አላውቅም» ብለህ ስትጽፍ እጅህ አልተያዘም? ልጄን ከሐዘን ልትሸሽጋት ብለህ ከሰው ሸሸግሃት። ደግሞ እንደ ጀግና ቋጠርኩ ትለኛለህ።

ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፤ አልክድም። አሁን ማዘዜን አንስቻለሁ። እኔ ዓለምብርሃንን ስቀብር ቤቴ እግር መጣያ አልነበረውም። ጎረቤት ነው ወገቤን ይዞ ያዋለኝ፣ ጎረቤት ነው እያጎረሰ ያሳደረኝ። ያ ሰው ባይኖር ተከትዬው ነበር። እሷስ ሳታውቀው እያዘነች አይደል? አባቷ የማይመልስላት ለምን እንደሆነ ሆዷ አይጠይቃትም መሰለህ?

ወደ ሰው መልሳት። ከዚያ ንገራት፤ ግን በወጉ።

የሺእመቤት


አትላንታ፣ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፤

ደብዳቤዎ አልደረሰኝም፤ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰላምታውን ይለፉልኝ።

እድላዊትን ቁርጠት ጀመራት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፎርክሊፍት ላይ ስልክ አይያዝም። ደውላ ደውላ አጣችኝ። መንገድ ወጥታ ቆመች። ማን እንዳደረሳት ያውቃሉ? ያቺ ባለ ውሻዋ ሴትዮ። ሆስፒታል ስደርስ እጇን ይዛ ተቀምጣለች። ስሟን እንኳን ሳልጠይቃት «አመሰግናለሁ» ብዬ ገባሁ።

እማማ፣ እነዚህም ምን አሏት መሰልዎት? «ትንሽ ነው፣ ያልፋል፣ ውሃ ጠጪና ወደ ቤት»። እኔ ለሚስ ኦዴሳ ደወልኩ፤ «ከዚያ ክፍል እንዳትወጡ፤ ምጡን የሚለካው ማሽን ሳይታሰርላት እንዳትነቃነቁ» አለችኝ። ከዚያ ይሄ እርስዎ የሚሰድቡት አፌ ተከፈተ። እንግሊዝኛዬ ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግን ድምጼ አስተርጓሚ አይፈልግም። «ባለፈው ውሃ ጠጣን! ልጃችንን ቀበርን! ዘንድሮ አንጠጣም!» አልኳቸው። ጥበቃ ጠሩብኝ። ጥበቃው ጥቁር ነው፤ ሰማኝና ትከሻዬን ይዞ ከጎኔ ቆመ እንጂ አላወጣኝም። በኋላ አንዲት ዶክተር መጥታ ማሽኑን አሰረችላት። አየችው። መሮጥ ጀመሩ።

እውነትም ምጥ ነበር። በመድኃኒት አቁመውላታል። የልጇ ሳንባ እንዲጠና መርፌ ወግተዋታል። አሁን ተኝታለች። ሰባተኛ ወሯ ነው፤ በጣም ገና ነው እማማ።

ስትነቃ ምን አለች መሰልዎት? «ለአባቴ ጻፍልኝ፤ ይጸልይ።»

አሁን ቲጂ ደወለች። ደብዳቤ አለህ አለችኝ። ልምጣ አልኳት።

አምባቸው


ታከር፣ አትላንታ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የሺእመቤት፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሦስታችንም አለን። ሦስት ስል እጄ ደስ ይለዋል።

ምጡ ከቆመላት በኋላ፣ ለጥቂት ቀን አይተው «በአልጋ ላይ ትሁን» ብለው ለቀቋት። ያሉኝን አደረግኩ። ሮዝዌልን ተውኩት። ቲጂ ታከር ላይ ቤት አላት፤ የታችኛውን ክፍል ለቀቀችልን። እድላዊት ብቻዋን የዋለችበት ቀን የለም፤ እንዲያውም «እረፍት ነሱኝ» እያለች ታማቸዋለች።

ለሚስ ኦዴሳ «ታዲያ የትኛው ሰፈር ነው ልክ?» አልኳት። «እኔ ደህና ሰፈር፣ የራሴ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው ያረገዝኩት፤ ልጄ በሰባት ወሩ መጣ። ሰፈር ብትቀይር ቆዳህ አብሮህ ይጫናል። ጭሱን መሸሽህ ጥሩ፤ ሰውን ግን አትሽሽ» አለችኝ። ይቺ ሴትዮ አፌን መያዝ ልምድ አደረገችው።

መርዶውን ነገርናት። መጀመሪያ ሚስ ኦዴሳን ጠየቅኳት፤ «ከማታውቀው ይልቅ የምታውቀው ይሻላል፤ እኔም እመጣለሁ» አለች። ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ሰዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በእግር ጣታቸው ገቡ። ሚስ ኦዴሳ የግፊት መለኪያዋን ይዛ፣ ነጠላ ቲጂ አልብሳት፣ ከጥግ ተቀመጠች። ጋሽ ነጋ፣ ያገራችሁ ሰው፣ ኡበር የሚነዱት፣ እሳቸው እንዲናገሩ ነበር የተባለው። እኔ ከጎኗ ሆኜ ክንዷን ያዝኩ። እድላዊት ዓይኗን ገልጣ ያን ሁሉ ሰው አየች። ጋሽ ነጋ አፋቸውን ሳይከፍቱ «አባቴ ነው አይደል?» አለች።

የተለቀሰውን አልጽፍልዎትም፤ ያውቁታል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋት ነበር። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ ከዚያ አላነሳችውም። ቁርጠቱ አልመጣም። ሚስ ኦዴሳ ደጋግማ ለካቻት፤ ግፊቷ ቀስ በቀስ ወረደ። ትንሽ ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከሮዝዌል ወዲህ እንደዚያ ስትተኛ አላየሁም።

ስትነቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጃኬቱ ደርሶለት ነበር? ሞቆት ነበር?» አለችኝ።

እማማ፣ ምን ልበላት?

አማችዎ አምባቸው


ዓለም ከተማ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ፤

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለታችሁ ልጽፍ ቻልኩ። እድልዬ፣ የኔ ዓለም፣ እንኳን ሰው አጠገብሽ ሆነ።

እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ አባትሽ ጃኬቱን አልለበሰውም፤ ሳይደርስለት ሄደ። እኔ ግን ለብሼዋለሁ። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ለቅሶ ተቀምጬ ከትከሻዬ አላወረድኩትም። ሰፊ ነው፤ ባልሽ ራሱን የለካበት አይደል። እሱን ለብሼ በር ላይ ስቀመጥ ሰው «አሜሪካ አስገቡሽ እንዴ?» እያለ ሲያስቀኝ ከረመ።

አሁን መልሼ ልኬዋለሁ። እኔ መምጣት ካልቻልኩ እሱ ይምጣ። አላጠብኩትም።

አምባቸው፣ ሆስፒታል ጮኸሃል አሉ። ደግ አደረግህ።

እናታችሁ የሺእመቤት


ታከር፣ አትላንታ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የሺእመቤት፤

እልል ይበሉ! ሦስቴ ነው ለሴት፤ እርስዎ አራት ያድርጉት፣ የአራተኛውን ኃላፊነት እኔ እወስዳለሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሳለ ልጅቷ መጣች። ስምንተኛ ወሯ ላይ። አልሞላችም እማማ፤ ሞልታ ነው የምትወለደው ብዬ ፎክሬልዎት ነበር፣ አልሆነልኝም። ግን እንደ እህቷ አልቸኮለችም። ሚስ ኦዴሳ «ቆይታለች፤ የቻለችውን ያህል ቆይታለች» አለች። እኛ አገር የስምንት ወር ልጅ አያድግም የሚሉትን ነገርኳት፤ «ለሷ እንዳትነግራት፣ አታውቀውም» አለችኝ።

ትንሽ ናት። እጇ የኔን አውራ ጣት ጥፍር አያክልም። ግን ስትጮህ ነርሶቹ ዞር ይላሉ፤ በአፍ በኩል የማን እንደሆነች አይጠፋም። መስተዋት ማሞቂያ ውስጥ ነው ያስገቧት። እህቷ እዚያ ድረስ እንኳን አልደረሰችም።

ስሟን ካሉኝ፣ አንድ ነገር ላጫውትዎት። ማሞቂያው ላይ ካርድ ተለጥፏል። አየሁት፣ የኔ ስም የለም። ተናደድኩ። «ይቺ የአምባቸው ልጅ ናት! ምንድን ነው የጻፋችሁት?» አልኳቸው። ነርሷ «እዚህ ያልተሰየመ ሕፃን በእናቱ የቤተሰብ ስም ነው የሚመዘገበው» አለችኝ። ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ እድላዊት በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። ካርዱን አነበበችው፦ «ቤቢ ገርል ዓለምብርሃን»።

እጇን ካርዱ ላይ አደረገች። «አየህ፣ አባቴ ላከልኝ» አለች።

ክርክሬን ተውኩት። ክርስትናዋ ሲደርስ ሌላ ስም ይኖራታል፤ እሱን እርስዎ ያውጡላት። እስከዚያ የአባባ ይበቃታል።

ጃኬቱ ትናንት ደረሰ። እድላዊት ከፌስታሉ ስታወጣው ፊቷን ከተተችበት። ቀና ስትል «እማዬን ይሸታል» አለች፤ ከዚያ መልሳ ከተተችው። ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። እዚህ አባትየው ደረቱን ገልጦ ልጁን ቆዳ ለቆዳ ያስተኛል፤ እንደዚያ ነው የሚጠናው ይላሉ። አስተኙልኝ። እሷን ነው ወይስ ትንፋሼን ነው የያዝኩት አላውቅም፤ መተንፈስ ፈራሁ። ነርሷ ብርድ ልብስ ልታመጣ ስትል እድላዊት «ተዪው» አለቻት። ጃኬቱን በትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፣ ሁለቱንም ጎን ስባ ዚፑን በኛ ላይ ዘጋችው። በኔ ልክ መግዛቴ ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ሁለት ሰው ያዘ።

በኋላ እድላዊት እጇን በአንገቴ በኩል አስገብታ የልጅቷን ጀርባ ዳሰሰች። ያን የጃኬቱን ጥያቄዋን ዛሬ ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን መልሱን ለእርስዎ ልጻፈው።

ሞቋታል፣ እማማ።

አማችዎ አምባቸው